አምስት ድምፅ፣ ሃያ ደቂቃ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ጋሼ በደርግ ጊዜ በአውራጃ ኪነት ቡድን ጊታር ይመቱ የነበሩ፣ ዛሬ ግንደወይን ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። መምህሩ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታር የገዛው በቅርቡ ነው። ቦታው የጋሼ ሱቅ ነው። የገበያ ቀን ስላልሆነ ደንበኛ የለም፤ መብራቱም እንደ ልማዱ ይመጣል ይሄዳል።

መምህሩ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ? ይችን ጊታር ይዩልኝ እስቲ። ሌላ ሰው እጅ ላይ ስትዘፍን እሰማለሁ፤ እኔ ጋ ስትደርስ ትጮኻለች።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ግባና ተቀመጥ። ለመሆኑ በምን አምፕ ነው የምትመታት?

መምህሩ፦ አምፕ ከየት አምጥቼ! የትምህርት ቤቱን የሚኒ ሚዲያ አምፕሊፋየር ነው የምጠቀመው፤ ከክፍል በኋላ ይፈቅዱልኛል። ጓደኛዬ ዲስቶርሽን ፔዳል አውሶኝ ነበር፤ ብሰካው ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋበት ተርብ ሆኖ ቁጭ አለ። የተሻለ ፔዳል ልግዛ ብዬ ብር እያጠራቀምኩ ነው።

ጋሼ፦ ብርህን ያዝ። ጥፋቱ የፔዳሉ አይደለም። ያ የትምህርት ቤቱ ሆርን የተሠራው የሰልፍ ማስታወቂያ እስከ ሜዳው ጥግ እንዲደርስ ነው፤ ንግግር እንዲለይ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ፊት ይገፋል። የጊታር አምፕ ስፒከር ሌላ ነው። 5,000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ አቅሙ ይከዳዋል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ብዙም አያወጣም። ጊታርን ያሳመረው ያ ድክመቱ ነው። ዲስቶርሽን የድምፁን ጫፍ ሲቆርጥ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። የጊታር ስፒከር እነዚያን ያስቀራቸዋል፤ ሆርኑ ግን አንድም ሳያስተርፍ ጆሮህ ላይ ያፈሳቸዋል።

መምህሩ፦ ሃርሞኒክ ማለትዎ ነው። እንግዲያ ስፒከሩ ራሱ ማጣሪያ ነዋ! ስለ ሞገድ ስንት ጊዜ አስተምሬ ይኼን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም።

ጋሼ፦ ማጣሪያ እጅህ ላይም አለልህ። ጊታሯ ላይ ያሉት ቁልፎች ለጌጥ የተቀመጡ ይመስልሃል? ጀማሪ ሁሉ 10 ላይ ያደርጋቸውና ይረሳቸዋል። ቶኑን ወደ 4 ወይም 5 አውርደው፣ ቮልዩሙን 7 አካባቢ አቁመው፣ ፒካፑን ወደ አንገቱ በኩል ወዳለው ቀይረው። ቀኝ እጅህንም ከብሪጁ አራቅ አድርግ። ፔዳሉን እርሳው። በል እስቲ በዚች በእኔ ማጉያ ምታት።

መምህሩ፦ … ለሰለሰች እኮ! ጣቴ ያው ነው፣ ኮርዱም ያው ነው።

ጋሼ፦ እዚያ ትምህርት ቤት ደግሞ ጃኩን የምትሰካው የማይኩ መግቢያ ላይ ይሆናል።

መምህሩ፦ ሌላ ምን መግቢያ አለው?

ጋሼ፦ ከኋላው ፈልግ፣ ለሙዚቃ መሣሪያ የተለየ ቀዳዳ ያላቸው አሉ። የማይክ መግቢያ ፒካፑን ይጫነዋል፤ ጉልበቱም ብሩህነቱም ይሄዳል። ቀዳዳው ከሌለ በመካከል ትንሽ ፕሪአምፕ ያስፈልግሃል። ገንዘብ ማውጣት ካለብህ ለእሱ አውጣ።

መምህሩ፦ ጉርምርምታውስ? እጄን ከክሩ ሳነሳ ይብሳል።

ጋሼ፦ ስትነካው የሚቀንስ ከሆነ የክሮቹ መሬት ሽቦ ደኅና ነው። ሰውነትህ በግድግዳው ውስጥ ካለው ሽቦ ጫጫታ ይቀበላል፤ ክሩን ስትነካ ወደ አምፑ መሬት ይወርድልሃል። የቀረውን አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ። መብራታችን ስንት ኸርዝ ነው?

መምህሩ፦ 50። አሃ! ፒካፑ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። የክሩን ንዝረት እንደሚይዝ ሁሉ የትራንስፎርመሩንም መግነጢሳዊ መስክ ይይዛል። እኔ ደግሞ የምቀመጠው አምፕሊፋየሩ ላይ ተደግፌ ነው።

ጋሼ፦ ጊብሰን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. የፈታው ይኼንኑ ነው። ሁለት ጥምጥም ጎን ለጎን አደረገ፣ አንዱን በግልባጭ ጠመጠመ፣ ማግኔቱንም ገለበጠ። ጉርምርምታው እርስ በርሱ ይጣፋል፣ የክሩ ድምፅ ይደመራል። ያንተዋ ባለ አንድ ጥምጥም ናት፤ ሊዮ ፌንደር በ1954 ያወጣትን ስትራቶካስተር አስመስለው የሠሯት። እሷ ላይ የሚያዋጣህ ከአምፕሊፋየሩ መራቅ ነው። ከዚያ ወንበርህን ቀስ እያልክ አዙር፤ ጉርምርምታው በጣም የሚቀንስበት አንድ አቅጣጫ ታገኛለህ።

መምህሩ፦ ይኼማ የክፍል ሙከራ ይሆናል።

ጋሼ፦ ለተማሪዎችህ ስታሳይ ይኼንንም ጨምርላቸው፦ ብዙ ቤት ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የለውም። የጊታሩ አምፕ በአንድ በኩል፣ የማይኩ ማሽን በሌላ በኩል ተሰክቶ አንደኛው መብራት የሚያፈስ ከሆነ፣ ክር እንደያዝክ ከንፈርህ ማይኩን ሲነካ መብራቱ በአንተ በኩል ያልፋል። በዚህ የሞቱ ሙዚቀኞች አሉ። ጉርምርምታ ላጥፋ ብሎ የሶኬቱን የመሬት እግር የሚቆርጥ ሰው ካየህ እጁን ያዘው። በል አሁን ጊታሯን ወዲህ በላት። ክሩ ላይ ያለው ዝገት ነው ወይስ ቡና?

መምህሩ፦ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ፦ ስማ። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳልጫን ነካ ላድርገው… አሁን ደግሞ ልጫነው። ሰማኸው? ሁለተኛው ከፍ አለ። ክሩ አርጅቷል፤ አዲስ ገብቶም እንዲህ ከሆነ ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍባት ብረት ወደ ኋላ መጎተት አለባት። አንገቱ ጫፍ ላይ የተቃኘልህ ኮርድ ወደ ውስጥ ስትገባ ይበላሻል፤ አንተ ደግሞ ጣትህን ትጠረጥራለህ።

መምህሩ፦ ስጠረጥረው ነው የከረምኩት። ክር ግን እዚህ የት ይገኛል? ባሕር ዳር ወይ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መጠበቅ ነው።

ጋሼ፦ እኛ በኪነት ጊዜ ክር ሲሞትብን ድስት ውስጥ ቀቅለን እናደርቀው ነበር። አትሳቅ! ወፍራሞቹ ክሮች ላያቸው ላይ ሌላ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ናቸው፤ በጥምጥሙ መካከል ላብና እድፍ ይገባል። የፈላ ውሃ ያወጣዋል፣ ለጥቂት ቀን ይበራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሞታል። የዛገውን ግን የትኛውም ድስት አያድነውም። ውፍረቱ ከ9 ወይም ከ10 የሚጀምረውን አንድ ሙሉ ክር አስልክ። ከመምታትህ በፊት እጅህን ታጠብ፣ ስትጨርስ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሰርግም ዘፈንም የለም፤ ብረቱን መጎተት፣ ኬብል መበየድ፣ ቁልፍ ማጽዳት ያኔ ነው።

መምህሩ፦ ይኼ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የቸገረኝ ጊዜው ነው። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ፈተና አርማለሁ፣ ሕፃን ልጅ አለኝ። ልጁ ከተኛ በኋላ የምትተርፈኝ ሃያ ደቂቃ ናት፤ እሷም መብራት ካለ። በሃያ ደቂቃ ምን ይለመዳል?

ጋሼ፦ ኃይሉ መርጊያን ታውቀዋለህ?

መምህሩ፦ የዋሊያስ ባንዱን? ኦርጋን ተጫዋቹን?

ጋሼ፦ እሱን። በደርግ ሰዓት እላፊ ጊዜ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ የነበሩት ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደ፤ ግማሹ ተመለሰ፣ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን ደራርቦ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ያው ኑሮ ነው፣ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ኋላ ይጭን ነበር። ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዳል፤ ተራው ሲደርስ ይመልሰውና ተሳፋሪ ይጭናል። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታተመ፣ የውጭ አድማጭ ፈለገው። በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ሲያወጣ ሰባ ዓመት አልፎታል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጣቱን ያላሳረፈው በተሳፋሪና በተሳፋሪ መካከል በምትገኝ ቁራጭ ጊዜ ነው።

መምህሩ፦ የእሱ የተለየ ነው ጋሼ። ቀድሞ የለየለት ባለሙያ ነበር፤ ያወቀው እንዳይጠፋው ነው የተለማመደው። እኔ የሚጠፋኝም ነገር ገና አልያዝኩም።

ጋሼ፦ ይቺን አገኘሃት፣ አልከራከርህም። እንግዲያ አንተ አስተማሪ ነህና ንገረኝ፤ ሃያ ደቂቃዋን በምን ታጠፋታለህ?

መምህሩ፦ የማውቃትን ዘፈን ከላይ እስከ ታች እመታታለሁ። የምሰናከልበት ላይ ስደርስ እንደምንም አልፈዋለሁ። ከዚያ ሌላ ዘፈን።

ጋሼ፦ ሒሳብ ልለማመድ ብሎ በየማታው የሚችላትን ጥያቄ ብቻ የሚሠራ ተማሪ ቢኖርህስ?

መምህሩ፦ ገባኝ፣ ገባኝ። የምሰናከልባትን ቦታ ነጥዬ ላውጣት ማለት ነው። ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ሰዎች አምስት ምት ያላትን ቅደም ተከተል በጣታቸው 10 ሰከንድ ይመታሉ፣ 10 ሰከንድ ያርፋሉ። መጀመሪያ አካባቢ ፍጥነታቸው የጨመረው ሲመቱ ሳይሆን በዕረፍቷ መካከል ነበር። ቀደም ብሎ በ2002 የሃርቫርድ ሰዎች ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው፣ ሌሊት የተኙት ሌላ ልምምድ ሳይጨምሩ ፍጥነታቸው 20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ አገኙት። እኔ ሳላርፍ ነው ሃያውንም ደቂቃ የምቀጠቅጠው።

ጋሼ፦ ይኼን ለማወቅ ሃርቫርድ ድረስ! ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ምን ያደርጋል? የኔታ የሚሉትን ይሰማል፣ ብቻውን ወጣ ብሎ ይቆጥራል፣ የቆጠረውን መጥቶ ይነግራል፣ የኔታ ያቀኑለታል። ሥራው የሚሠራው ዝም ባለበት ሰዓት ነው።

መምህሩ፦ እሱማ ቅኔውን ብቻ ይዞ ስለሚቀመጥ ጊዜ አለው።

ጋሼ፦ ማን? የቆሎ ተማሪ? አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲለምን፣ ውሻ ሲያባርረው የሚውለው ልጅ ነው ጊዜ ያለው? በመንገድ ላይ ነው የሚቆጥረው እባክህ! አንተም ከቤት ትምህርት ቤት በእግርህ ትሄድ የለ? ማታ የመታሃትን አንዲት ደቂቃ በስልክህ ቅዳ፣ ጠዋት እየሄድክ ስማት። ስትመታ ያልሰማኸውን ያኔ ትሰማዋለህ። ለጆሮህ የጨመርከው ጊዜ ከሃያዋ አይቀነስብህም።

መምህሩ፦ እርስዎስ እንዴት ተማሩ? አስተማሪ ነበረዎት?

ጋሼ፦ ካሴት ነበረኝ። የሮሃ ባንድን ካሴት እያጠነጠንኩ። ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ይዘገያል፣ ድምፁም ይወርዳል። ጊታሬን ዝቅ አድርጌ ከደከመው ቴፕ ጋር እቃኛትና ያቺን ፈጣኗን ቦታ ቀስ ብዬ እይዛታለሁ። አዲስ ድንጋይ ሲገባ እንደገና ከፍ አድርጌ እቃኛለሁ። ቢቸና ብንሄድ፣ ሞጣ ብንሄድ፣ መርጡለ ማርያም ብንሄድ ያ የደከመ ቴፕ ከእኔ አይለይም ነበር። ዛሬ ስልክህ ቅኝቱን ሳይለውጥ ያዘገይልሃል። በዚህ እንኳ ቀናሁባችሁ።

መምህሩ፦ እሺ፣ ሥራ ይስጡኝ።

ጋሼ፦ ቅኝቶቹን ታውቃቸዋለህ?

መምህሩ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ስማቸውን።

ጋሼ፦ 1ኛውን ክር ብቻ ያዝ። ትዝታ ሜጀር፦ ክፍቱን ክር፣ ከዚያ ፍሬት 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ ማሳረፊያው 12። አምባሰል ከክፍቱ ተነስተህ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። አንቺሆዬ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። ባቲ ሜጀር 4፣ 5፣ 7፣ 11፣ 12። አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትሂድ። የፈረንጅ ልጅ ስንት ስኬል አለበት መሰለህ! የአንተ አምስት ድምፅ ናት። ጊዜ ላጠረው ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ዕድል አለ?

መምህሩ፦ ስድስት ክር እያለኝ በአንድ?

ጋሼ፦ ማሲንቆው ስንት አለው? አንድ፣ የፈረስ ጭራ። ጣቱም ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፣ እንደተንጠለጠለ ነው የሚነካው። ስለዚህ አዝማሪው ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሄድ መንገዱ ይሰማሃል። ጊታር ላይ ፍሬቱ መንገዱን ቆርጦ መድረሻው ላይ ያስቀምጥሃል፤ የእኛ ዜማ በጀማሪ ጊታር ደረቅ የሚለው ለዚህ ነው። በአንድ ክር ስትሄድ መንሸራተት ግድ ይሆንብሃል። 7ኛው ላይ ከ5ኛው ተንሸራተህ ግባ። 9ኛው ላይ ስትደርስ ክሩን በትንሹ ወደ ላይ ግፋው፣ መልሰው። ሽማግሌ ዘፋኝ ቃሉን ሲያሳርፍ የሚያደርጋትን አድርግባት። ግራ እጅህ ይኼን ካልያዘ የትኛውም ፔዳል አይሠራልህም።

መምህሩ፦ መሣሪያ ምንም ለውጥ አያመጣም እያሉኝ ነው?

ጋሼ፦ ኧረ አላልኩም! አሁን ስለ ክርና ስለ ሆርን ስንት ሰዓት ነገርኩህ? የተበላሸ መሣሪያ ጎበዙንም ያዋርደዋል። ግን መሣሪያው ከተስተካከለ በኋላ በላዩ ላይ የሚጨመረው ሌላ ነገር ነው። እሱ ይቆይ።

መምህሩ፦ ኮርድስ? ሰርግ ላይ ሶሎ ማን ይጠይቀኛል?

ጋሼ፦ ዋናው ነገር መጣ! ክራር ሲመታ ቀርበህ አይተሃል? እየገረፈ ሲመታ ቀኝ እጁ ክሮቹን በሙሉ በአንዴ ይጠርጋል፤ የግራ እጁ ጣቶች ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ያፍናሉ። ለአንተ የሚደርስህ ያልታፈነው ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ሪትምም የሚሠራው በማፈን ነው። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ስማ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተቀዳ ነው። ጊታሩ ሰላም ስዩም፣ ቤዙ ጆቫኒ ሪኮ፤ ኋላ ሮሃ ባንድ ብለው በካሴት ዘመን የአገሩን ዘፋኝ ያጀቡት። በጆሮ ማዳመጫ አድርገህ ጊታሩን ብቻ ተከተለው። እኔ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ የመታው አይደለም፣ የተወው ነው።

መምህሩ፦ እንዴት ነው የሚታፈነው? እኔ ሳነሳው ክሩ «ዝንን» ይላል።

ጋሼ፦ ስለምታነሳው ነዋ። ጣትህን ከክሩ አታንሳ፤ ግፊቱን ብቻ አላላ። ኮርዱን መታህ፣ ወዲያው አላላህ፣ ጣትህ ግን ክሩ ላይ እንዳረፈ ነው። የቀኝ መዳፍህ ጠርዝ ብሪጁ አጠገብ ይረፍ፣ ወፍራሞቹን ክሮች ይጠብቅልህ። ከዚያ በስድስት እየቆጠርክ ቺክቺካውን በአንድ ኮርድ ብቻ፣ ቀስ ብለህ። ያ የተዋስከው ዲስቶርሽን እንዲያ ያስጮኸህ ሆርኑ ብቻም አልነበረም። ያልታፈነች ክር በንጹሕ ድምፅ ትደበቃለች፣ ዲስቶርሽን ስታደርግባት ከዋናው እኩል ትጮኻለች።

መምህሩ፦ መብራት ሲሄድስ?

ጋሼ፦ ሳትሰካ ምታት፣ ግን ለይተህ። ሳትሰካት ድምፅዋ ትንሽ ስለሆነ ቀኝ እጅህ ሳይታወቅህ ይከብዳል። ያንን ክብደት ለምደህ ስትሰካት ክሩ ፍሬቱን ይመታል፣ ድምፁ ይሻክራል። ስለዚህ ጨለማ ሲሆን የግራውን እጅ፣ ማፈኑንና መንሸራተቱን ተለማመድ። ፍሬቱን ሳታይ መፈለግ ራሱ ትምህርት ነው። መብራት ባለ ቀን ደግሞ የቀኝ እጅህን ልክ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። ዘፈን ሙሉውን መምታት ካማረህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምታ፣ ልጁም ይስማ። በየማታው ግን ግማሿ ለማፈን፣ ግማሿ ለአንዲቷ ክር። ጣትህ ሲሰናከል ቆም በል፤ አሥር ሰከንድ ነው ያልከው ጥናቱ?

መምህሩ፦ አሥር። በጥር የጓደኛዬ ሰርግ አለ ጋሼ። እስከዚያ እደርሳለሁ?

ጋሼ፦ ለሶሎ አትደርስም። ለሪትም ትደርሳለህ፣ እሱም ሁለት ሦስት ዘፈን። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ አይጠፋም፤ ዜማውን ለእሱ ተውለት፣ አንተ ከበሮውን እየሰማህ ከሥር ግባ። ቤት ብቻህን ስትሆን የሚያምርህን ያን ሁሉ ቤዝ ቀንሰህ ሂድ፣ ሕዝብ መካከል ከከበሮው ጋር ይጋጫል። ዘፋኙ የሚለው ቃል ካልተሰማህ የበዛኸው አንተ ነህና ቮልዩምህን አውርድ።